ሲግል ደህና የነበረው ድስት

አንዲት ሴት ነበረች። ባሏ ለሦስተኛ ጊዜ ደበደባት፤ ለሦስተኛ ጊዜም በሽማግሌ ፊት አልቅሶ ይቅርታ ጠየቃት። ወደ ንስሐ አባቷ ሄዳ፣ «አባ፣ እንባው የእውነት ነው። ልመለስ ወይ?» አለቻቸው። አባም እንዲህ አሏት፦

አንዲት ሸክላ ሠሪ አንድያ ልጇን ልትድር ስትል ስድስት ድስት ሠርታ በኩበት እሳት ተኮሰች። የሸክላ ሠሪ ወግ፣ ዕቃው አመድ ውስጥ አድሮ ሲቀዘቅዝ በጣት አንጓ መታ መታ አድርጎ ማዳመጥ ነው። ድምፁ ከጠራ ይወሰዳል፤ ከደነዘዘ እዚያው ይሰበራል። አምስቱ ጠሩ። ለልጇ ያሰበችው፣ ከሁሉ ያማረው፣ ደነዘዘ። አገላብጣ ብታየው ምንም የለበትም። ለዓይን የማይታይ ስንጥቅ ግን ገላውን ሞልቶት ነበር።

ልትሰብረው ድንጋይ አነሣች፤ እጇ እምቢ አለ። መልሳ እሳት ላይ ጣደችውና ሲግል መታ አደረገችው። ጠራ። ሸክላ ሲግል ስንጥቁ ይገጥማል፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይከፈታል፤ ይህን ከእናቷ ተምራዋለች። ነገር ግን የፈለገችውን ድምፅ ሰምታለችና «ዳነ» ብላ ለልጇ ሰጠቻት።

ልጅቱ ከወር በኋላ መጣች። «እማዬ፣ ድስቱ ሲቀዘቅዝ ያንጠባጥባል፤ ሲፈላ ግን ይተዋል።»

«ሲፈላ ከተወ ምን አስጨነቀሽ? ሥራው እሳት ላይ አይደል?»

ድስቱ በጋለና በቀዘቀዘ ቁጥር ስንጥቁ እየረዘመ ሄደ። አንድ ቀን ልጅቱ የፈላ ወጥ ከእሳት አውርዳ በጨርቅ ይዛ ስትሄድ፣ ደጃፉ ላይ ቀዝቃዛ ነፋስ አገኘው። ቂጡ ተነቅሎ ወደቀ። ሆዷና ጭኗ ተቃጠለ። ሦስት ቀን ጮኻ በአራተኛው ሞተች። እናቲቱ ከዚያ ወዲያ ጭቃ አልነካችም።

አባ ታሪኩን ጨርሰው ወደ ሴትዮዋ ዞሩ። «ልጄ፣ ሽማግሌዎቹ ባልሽን የሚሰሙት ሲያለቅስ ነው። ያን ጊዜ ስንጥቁ ገጥሟል፤ እንባውም ውሸት አይደለም። እኔም ባለፈው በትኩሱ ሰምቼው ነው ተመለሺ ያልኩሽ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ሲቀዘቅዝ ግን የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ እንዲሁ በአዘቦት ቀን፣ ሰው በሌለበት፣ ወጡ ጨው ሲያንሰው። መስማት ያለብሽ ያንን ነው። አትመለሺ። ሽማግሌዎቹን እኔ አናግራቸዋለሁ» አሏት።