ዝም የማይለው ሻምበል

አንዲት ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። ሥራዋ፣ ሥራ ካላችሁት፣ ከመንገድ ላይ ውሻ ማንሳት ነው። ደመወዝ የላትም፣ አለቃ የላትም፣ እረፍትም የላትም። ጠዋት ግቢዋን ታጥባለች፣ ከሥጋ ቤት የለመነችውን አጥንት ከሩዝ ጋር ትቀቅላለች፣ የታመመውን ውሻ ኪኒኑን በሥጋ ጠቅልላ ታታልለዋለች። ያገገመውን አስከትባ ፎቶ ታነሳዋለች፤ ከፎቶው ሥር ስለ ጠባዩ ሁለት መስመር ጽፋ ኢንተርኔት ላይ ትለቀዋለች። ባሕር ማዶ ያለ ሰው አይቶ ከወደደው፣ ወደዚያ የሚበር ተሳፋሪ ለምና ትልከዋለች። ጎረቤቶቿ "ምን ነክቷት ነው?" ይላሉ። ይበሉ። እኔም እል ነበር።

ከውሾቿ ሁሉ ያስቸገራት ሻምበል የሚባለው ነው። ቡናማ ነው፣ አንድ ጆሮው የተቆረጠ፣ ሰው የሚወድ ውሻ። ችግሩ እዚያው መውደዱ ላይ ነው። ብቻውን ከተዉት ያላዝናል። ያላዝናል ስላችሁ ደግሞ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ሰፈር የሚበጠብጥ ነው። ሲብስበት በር ይበላል። ሁለት ቤተሰቦች ወስደውት ሁለቱም መልሰውታል። የመጨረሻዋ ሴትዮ እንዲያውም የበሩን ስንጥርጣሪ በፌስታል ይዛ መጥታ "እንኪ፣ ከውሻሽ የተረፈው በር ይኸውልሽ!" ብላ አስረክባታለች።

ትርንጎ ይህን ሁሉ ማስታወቂያው ላይ እንዳለ ጻፈችው። ከዚያ ወዲያ አራት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው አልጠየቀውም። ጓደኞቹ በየተራ ሲሄዱ እሱ አጥሩ ሥር ቆሞ ያያቸዋል። አንድ ቀን አንጀቷ አልችል አለና ያንን አጥፍታ ሌላ ጻፈች፦ "ጭምት ውሻ። ብቻውን መዋል ይወዳል። ድምፁ አይሰማም።"

ወር ሳይሞላ ደብዳቤ መጣ። የጻፉት በሰው አገር የሚኖሩ ጡረተኛ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ጋሽ ውብሸት ይባላሉ። "ብርቱ ሰው ነኝ" ይላሉ። "በየቀኑ ሁለት ሰዓት በእግሬ እሄዳለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ተራራ እወጣለሁ። ጭምቱን ውሻ ስጪኝ።" ትርንጎ ብቻዋን እልል አለች። ወረቀቱ አለቀ፣ ሐሙስ የምትበር ተሳፋሪ ተገኘች፣ የጉዞ ሳጥኑም መጣ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሻምበልን ለማለማመድ ሳጥኑ ውስጥ አስገባችውና ከክፍሉ ወጣች። ገና በሩን ሳትዘጋ ጀመረው። በሥራው የሚያግዟት እትዬ አስካለ የውሾቹን ሩዝ የሚያማስሉበትን ጥለው መጡ።

"እኚህ ሰውዬ ተራራ ሲወጡ ይሄ ምን ሊሆን ነው?" አሉ።

"ይለምዳል።"

"እዚህ በአራት ዓመት ያልለመደውን እዚያ ሊለምድ? ጎረቤት ቢከስ፣ አንፈልግም ቢሉት፣ ወዴት ይመለሳል? እዚህማ ሲመልሱት አንቺ አለሽለት።"

"እባክዎ እትዬ! ስንት ዘመን ጠብቆ አንድ ሰው ነው የጠየቀው። ብናገር ይቀርበታል።"

"ማንን ጠየቁ? እሳቸው የጠየቁት አንቺ የጻፍሽውን ውሻ ነው። ያ ውሻ ደግሞ የለንም።"

ትርንጎ ተናደደች። የተናደደችው እውነት ስለሆነባት ነው። ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞረች፣ የታጠበ ሳህን መልሳ አጠበች፣ በመጨረሻ ስልኩን አንስታ ደወለች።

"ጋሽ ውብሸት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዋሽቼዎታለሁ" አለች። "ሻምበል ጭምት አይደለም። ብቻውን አንድ ደቂቃ አይቀመጥም፤ ያላዝናል፣ በር ይበላል። ሁለቴ ሰጥቼው ሁለቴ ተመልሷል። ቢተዉት አልቀየምዎትም።"

ከወዲያ ረጅም ትንፋሽ መጣ።

"እፎይ!" አሉ ጋሽ ውብሸት። "ልጄ፣ እኔ ተራራ የምወጣው በወሬ ነው። ጉልበቴ ከከዳኝ ሦስት ዓመት ሆነው። ከወንበር ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ ወንበር፣ መንገዴ ይኸው ነው። ለእንዲህ ያለ ሽማግሌ ማን ውሻ ይሰጣል ብዬ ነው የቀባጠርኩት። ከዚያ ደግሞ እንቅልፍ አጣሁ። ብቻውን መዋል የሚወድ ውሻ እኔን ቀኑን ሙሉ ፊቱ ተጎልቼ ሲያየኝ ምን ይለኛል? ይጠላኛል ብዬ ነገ ደውዬ ይቅርብኝ ልልሽ ነበር እኮ!"

"ታዲያ ማን ያናፍሰዋል?" አለች ትርንጎ። እንባዋን እየጠረገችም ሥራዋን አልረሳችም።

"ከታች ያለችው ጎረቤቴ ውሻ አላት። ጠዋትና ማታ የሷን ስታወጣ የኔንም ልትወስድልኝ ተስማምታለች። ሐኪም ቤት ስሄድም እሷ ዘንድ ይቆያል። የቀረውን ጊዜ እኔ አለሁ። የት እሄድበታለሁ?"

ሁለቱም ሳቁ። ትርንጎ አሁን ደግሞ ማንን ትመን? ቁጥሯን ተቀብላ ጎረቤትየዋ ዘንድ ራሷ ደውላ ጠየቀች። እውነት ነበር። ያን ጊዜ መሬት ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች፤ ከጀርባዋ ሸክም የወረደላት ያህል ቀለላት። እትዬ አስካለም ወደ ሩዛቸው ተመለሱ።

ሻምበል ሐሙስ ሄደ። መንገዱ አልቀለለውም፤ ተሳፋሪዋ እንደነገረቻቸው ከአውሮፕላን ሲወርድ ድምፁ ተዘግቶ ነበር። ከወር በኋላ ጋሽ ውብሸት ደወሉ። "አንድ ቀን ብቻ ነው ያላዘነው" አሉ። "መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ስዘጋበት። አሁን ክፍቱን ትቼዋለሁ፣ ምን ላድርግ!"

ትርንጎ የቀሩትን ውሾች ማስታወቂያ ቁጭ ብላ እንደገና ጻፈች። "ድመት ካየ ያብዳል።" "ጫማ ይሰርቃል፣ የሚሰርቀውም የግራውን ብቻ ነው።" አንዳንዶቹ ቶሎ ሄዱ፣ አንዳንዶቹ ዛሬም ግቢው ውስጥ ናቸው። ከሄዱት ግን የተመለሰ የለም።

እዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ውሸታሞች አሉ፤ ሁለቱም ክፉ አልነበሩም። ጉድለታቸውን ካልደበቁ የሚቀርባቸው የለም ብለው ፈሩ። የደበቁት ግን ያው አንዱ ከሌላው የሚፈልገው ነገር ነበር፤ አንድ ቀን ቢዘገዩ ሁለቱም ያጡት ነበር። እኛስ ብንሆን? ሥራ ስንቀጠር፣ ለትዳር ስንተጫጭ፣ ከጓደኛ ጋር እንኳ፣ የሌለንን አለን እንላለን። ከዚያ እንዳይታወቅብን ስንሳቀቅ እንኖራለን። እውነት የተናገረ ሁሉ እንደ ትርንጎ ይሳካለታል አልላችሁም፤ እምቢ የሚልም ሞልቷል። እምቢታው ግን በጊዜ ቢመጣ ይሻላል፣ ሰው አገር ከደረሱ በኋላ ሳይሆን።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ሰዎች የሚወዱት እናንተን ነው ወይስ ያንን አሳምራችሁ ያቀረባችሁላቸውን ሰው? እሱን ከሆነ፣ እናንተን ማን ይውደዳችሁ?