አህያና ዝንጀሮ በጃርት ደቦ

ተረት ተረት! «የደቦ ምርት» ብለሽ መልሺልኝ፣ ሚጣዬ፤ ይህ ተረት ሰርቨሩ ላይ ሁለት የኮድሽ ክፍሎች አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ለቆሙብሽ ለአንቺ ነው።

እመት ጃርት ጎጆ ልትሠራ አህያንና ዝንጀሮን ደቦ ጠራች። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ልጆቿ ሜዳ ላይ ናቸው፤ ከጫካ ግን አንድም እንጨት አልመጣም።

«አያ አህዮ፣ ምነው ቆምክ?»

«ዝንጀሮ እንጨቱን ሳያስርልኝ ምኑን ልሸከም?»

«አንተስ፣ አያ ዝንጀሮ?»

«አህያ እንጨቱን ሳያመጣልኝ ምኑን ልሰር?»

ጃርት ሳቋ መጣ። «በል ዝንጀሮ፣ አህያ ላይ ውጣና አብራችሁ ጫካ ሂዱ!»

ሄዱ። እንጨቱ እዚያው ታሰረ፣ ተጫነ፣ መጣ፤ ጎጆው ቆመ። ዝናቡ ሲወርድ ልጆቿ ውስጥ ሞቋቸው ተኝተዋል።

«ወንድሞቼ፣ ውለታችሁን በምን ልመልስ? ኑ፣ አቅፌ ልሳማችሁ!» አለች ጃርት፣ እሾኋን እንዳቆመች።

«ኧረ ምርቃትሽ ይበቃናል!» አሉ ሁለቱም ወደ በሩ እያፈገፈጉ።

ተረቴ አለቀ፣ ጎጆሽ ይሙቅ።