የጃርቷ ሥዕልና የአዋቂዎቹ ኮሚቴ

አንድ ጊዜ፣ ጫካው ውስጥ ኔትወርክ ገብቶ ዝሆኑም ጥንቸሉም ስልክ ይዞ በሚዞርበት ዘመን፣ እመት ጃርት የምትባል ሥዕል አዋቂ ነበረች። ከጀርባዋ አንድ እሾህ ትነቅልና ጫፉን በአጋም ጭማቂ እየነከረች ትሥላለች። የሣለችውንም በስልኳ ፎቶ አንሥታ በጫካው ድረ ገጽ ላይ፣ የልጆች ገጽ በሚባለው ቦታ፣ በየሳምንቱ ትለጥፋለች።

ሥዕሎቹ ተከታታይ ታሪክ ናቸው። ድንቡሼ የምትባል አንዲት ትንሽ ኤሊ አንድ ቀን ጠዋት ስትነሣ ደጃፏ ላይ የነበረው ኩሬ የለም። ትናንት ነበረ፤ ዛሬ የለም። ድንቡሼም ኩሬው ወዴት እንደሄደ ልትፈልግ መንገድ ትጀምራለች። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። ማንም ማንንም አይበላበትም፤ ማንም ማንንም አያስደነግጥበትም።

እመት ጃርት ይህን ሥራ የጀመረችው ተናዳ ነው። የጫካው ልጅ ሁሉ ቀን ከሌት የሚያየው አያ ጅቦ አጥንት ሲቆረጥም ራሱን የቀረጸውን ቪዲዮ ነበር። ቀጭ! ቋ! ቀጭ! ቋ! ሌላ ነገር የለውም። ጥጆቹ በእንቅልፋቸው ይባንናሉ። የራሷ ልጆች እንኳ ምሳ ሲቀርብላቸው ሥራ ሥሩን እንደ አጥንት እያንኮሻኮሹ «እዩኝ፣ ጅቦ ነኝ!» ማለት ጀምረው ነበር። የጃርት ልጅ «ጅቦ ነኝ» ሲል መስማት ምን እንደሚመስል የወለደ ያውቀዋል።

ክረምቱ ገና እንደገባ አያ አንበሶ አስጠራት። የጫካው ድረ ገጽ አዛዥ እርሱ ነው።

«እመት ጃርት፣ የልጆችን ገጽ ከሰጠሁሽ ዓመት ሞላ» አላት። «አያ ጅቦ ደግሞ ገጹን ስጠኝ እያለ ደጅ ይጠናኛል። እኔ ለማንም አላዳላም። እስከ መስቀል ድረስ ታሪክሽን የሚከታተሉ አርባ ልጆች ካሳየሽኝ ገጹ ያንቺ ነው። ካላሳየሽኝ ለእርሱ እሰጠዋለሁ።»

«አርባ ብቻ?» አለች እመት ጃርት ደስ ብሏት። «ጌታዬ፣ እኔ እኮ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ልብ አግኝቻለሁ!»

ቤቷ ገብታ ልቦቹን የሰጣት ማን እንደሆነ አንድ በአንድ ስታይ ግን ደስታዋ በነነ። በሬ። ጎሽ። ዝንጀሮ። ጥንብ አንሣ። የውርንጭላው አባት፣ የውርንጭላው አጎት፣ የአጎቱ አማት። አስተያየታቸውም ከአንድ አፍ የወጣ ይመስላል፦ «ግሩም ሥራ! ልጆቻችን የሚያስፈልጋቸው እንዲህ ያለ ነው!» «ለልጆች እጅግ ጠቃሚ፣ በርቺ!» ሰማንያው ልብ ደግሞ የአያ ጅቦ የራሱ ነበር። ቀይ ልብ ባየ ቁጥር ሥጋ እየመሰለው በምላሱ ይልሰዋል፤ በላሰው ቁጥር ይቆጠራል። ልጅ ግን ለመድኃኒት ቢፈለግ አንድ የለም።

«ኧረ ልጆቹ የት ገቡ?» ብላ ስትብሰለሰል ቀበሮ ከች አለች። ቀበሮ መቼም ጥቅም የሌለበት ቦታ አትደርስም። አያ ጅቦ የልጆችን ገጽ ካገኘ ከእያንዳንዱ አጥንት ጫፍ ጫፉን ሊያቀምሳት ቃል ገብቶላታል። ይህን ግን ለእመት ጃርት ትንፍሽ አላለችም።

«እኅቴ፣ ሥራሽ እንከን የለውም» አለች ቀበሮ ጭራዋን ሰብስባ እየተቀመጠች። «የጎደለሽ የአዋቂ ይሁንታ ነው። ወላጅ ያላመነበትን ለልጁ አያሳይም። መጀመሪያ አዋቂዎች ይዩት፣ ይምከሩበት፣ ያጽድቁት። ከዚያ በኋላ ልጆቹ እንደ ጎርፍ ይመጡልሻል።»

«መስቀል እኮ ሦስት ወር አይሞላውም!»

«ለአንድ ኮሚቴ ሦስት ወር ምን አነሰው?» አለች ቀበሮ።

ኮሚቴ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ አንጀቱ ያርራል። እመት ጃርት ግን ከዚያ በፊት ኮሚቴ አይታ አታውቅም፤ ነገሩ እውነት መሰላትና ታሪኩን ኮሚቴው እያየላት ከመጀመሪያው እንደገና ልትሥል እሺ አለች።

ኮሚቴው ዋርካው ሥር ተሰየመ። ሰብሳቢዋ ቀበሮ፣ አባላቱ ጋሽ በሬና አባ ዝንጀሮ ናቸው። በመጀመሪያው ስብሰባ ጋሽ በሬ ጉሮሮውን ጠራረገና «ይቺ ኤሊ ከቤት ስትወጣ እናቷን አስፈቅዳለች?» ሲል ጠየቀ።

«ጋሽ በሬ፣ እናቷ ሥዕሉ ውስጥ የለችም።»

«እንዴት አትኖርም? ከሰማይ ወረደች እንዴ? ጨምሪያት!»

ጨመረቻት። በሁለተኛው ስብሰባ አባ ዝንጀሮ ተነሣ። «እናቷን ተሰናበተች፤ መልካም። ጎረቤትስ? ታላላቆቿን እጅ ሳትነሣ ነው ውልቅ የምትለው?» ስድስት ጎረቤት ተሣለ። በሦስተኛው ስብሰባ ጋሽ በሬ ስድስቱም ጎረቤቶች በየተራ ምክር ይስጧት አለ። በአራተኛው ስብሰባ «ለመሆኑ ቁርስ በልታለች ወይ?» የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ውይይቱ ለሳምንት ተላለፈ። ቀበሮ አንድም ቀን «ይቅር» አላለችም። «በጣም ጥሩ ነው፤ ግን ለልጅ እኮ ነው፣ እንጠንቀቅ» ትልና ሌላ ቀጠሮ ትይዛለች።

እኔ ቁጭ ብዬ የምተርከው ሰውዬ እንኳ ሰለቸኝ፤ ስትሥል የከረመችውን አስቧት። ጀርባዋ እስኪሳሳ እሾህ ነቅላ፣ ሐምሌና ነሐሴን ጨርሳ፣ ዐሥራ ሁለተኛው ክፍል ላይ ስትደርስ ድንቡሼ ገና ከደጃፏ አልወጣችም። አምስተኛው ጎረቤት እየመከራት ነበር። ኩሬው ጭራሽ ተረስቷል። አዋቂዎቹ ግን ልባቸውን አዘነቡት። «አሁን ገና ቁም ነገር ሆነ!» ብለው ጻፉ።

«ኩሬውስ?» ብላ ጮኸች እመት ጃርት በመጨረሻው ስብሰባ ላይ። «ታሪኩ እኮ የኩሬው ነው! ደግሞስ እስካሁን አንድ ልጅ እንኳ ጠይቃችኋል?»

«አዬ፣ ልጅ ምን ያውቃል!» አለ ጋሽ በሬና ማመስኳቱን ቀጠለ።

እንዲህ እንዲህ ሲባል የመስቀል ዋዜማ ደረሰ። አያ አንበሶ እንስሳቱን ወንዙ ዳር ሰበሰበ። ክረምቱ መውጣቱ ስለሆነ መሬቱ ገና ጭቃ ነው። ልጆቹ በአንድ ወገን፣ ወላጆቹ በሌላ ወገን ቆሙ።

«ልጆች፣ የኤሊዋን የድንቡሼን ታሪክ የምታውቁ ወደ ፊት ውጡ» አለ አያ አንበሶ።

የወጣ የለም። እርስ በርሳቸው ተያዩ። አያ አንበሶ ዓይኑን ውርንጭላው ላይ ጣለ። «አንተ፣ አባትህ በየሳምንቱ ልብ ሲሰጥ አይቻለሁ። ታሪኩን አላሳየህም?»

«አባዬ ራሱ ያየዋል» አለ ውርንጭላው። «ያይና ‹ይህ ለልጆች ጥሩ ነው› ይላል። ከዚያ ገጹን ዘግቶ ስልኩን ይሰጠኛል።»

«አንተ አህያ! ለምን ዘጋኸው?»

አባት አህያ ጆሮውን ጣለ። «ጌታዬ፣ ለልጅ የተሠራ ነገር እኮ ነው! እንዴት ዝም ብዬ ለልጅ እሰጠዋለሁ? ኮሚቴው አይቶ እስኪጨርስ እየጠበቅሁ ነው።»

«እኛም! እኛም!» አሉ ሌሎቹ ወላጆች።

«ታዲያ እስከዚያ ልጆቹ ምን ያያሉ?»

«አያ ጅቦን!» አሉ ልጆቹ በአንድ ድምፅ። «ቀጭ! ቋ!»

«እርሱንስ ማን ፈቀደላችሁ?»

«ማንም» አለ ውርንጭላው። «እርሱ የልጆች ስላልሆነ ማንም አይመረምረውም።»

ወላጆቹ አቀርቅረው መሬት መሬቱን ያዩ ጀመር። ቀበሮ ብቻ ከጢሟ ሥር ፈገግ አለች።

«ያሳዝናል» አለ አያ አንበሶ። «ግን ቃሌ ቃል ነው። አርባ ቀርቶ አንድ ልጅ አልተገኘም። ገጹ የአያ ጅቦ ነው።»

«ተመስገን!» አለ አያ ጅቦና ስልኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ላሰው።

የእመት ጃርት ትዕግሥት ያለቀው ይህን ጊዜ ነው። «ኧረ በሕግ አምላክ!» ብላ ስትጮኽ የቀረው እሾህዋ ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። «ጀርባዬ እስኪራቆት ሣልኩ! እናንተ ልብ ሰጣችሁኝ። ልባችሁን ምን ላድርገው? እኔ የፈለግሁት ልጆቻችሁን ነበር! ለመሆኑ አንዲት ኤሊ ከቤቷ ለመውጣት ስንት ወር ይፈጅባታል?»

እልህ ይዟት አንድ እሾህ ከጀርባዋ መንጭቃ ነቀለችና እዚያው ጭቃው ላይ መሣል ጀመረች። እናት የለች፣ ጎረቤት የለ፣ ምክር የለ። በመጀመሪያው ሳጥን ውስጥ ድንቡሼ ኩሬዋ አጠገብ ተኝታለች። በሁለተኛው ድንቡሼ ነቅታለች፤ ኩሬው የለም። በሦስተኛው አንድ ቀጭን እርጥብ መስመር ከደጃፏ ተነሥቶ ወደ ቁጥቋጦው ገብቷል፤ ድንቡሼም አንገቷን አስግጋ መስመሩን ታሸታለች።

ልጆቹ ሊያዩ ሲንደረደሩ ወላጆቹ ቀደሟቸው። «ቆይ፣ ቆይ፣ መጀመሪያ እኛ እንየው!» እያሉ ሥዕሉን ከበቡት። ልጆቹ ከበሬ ዳሌና ከአህያ ጭራ በስተቀር የሚያዩት አጡ። ቀበሮማ «አስቸኳይ ስብሰባ! አስቸኳይ ስብሰባ!» እያለች መሃል ገባች።

እመት ጃርት አንድ ጊዜ ተንዘፈዘፈች። አንድ እሾህ ተስፈንጥሮ ቀበሮ አፍንጫ ላይ ተሰካና ሰብሳቢዋ እየጮኸች ቁልቁል ወደ ወንዙ ወረደች።

«ዞር በሉ!» አለች እመት ጃርት። «ዞር በሉ አልኳችሁ! ለእናንተ አልሣልኩትም!»

ጋሽ በሬ እሾሁን አየና ዞር አለ። አባ ዝንጀሮም ዞር አለ። አህያም፣ ጎሹም፣ ሁሉም ዞር አሉ። ያልተንቀሳቀሰው አያ አንበሶ ብቻ ነበር። ንጉሥን ዞር በል የሚል ከየት ይመጣል? ከኋላው ግን ደቦሉ ጭራውን ነከሰና ጎተተው።

«አባዬ፣ አንተም ዞር በል እንጂ! መስመሩ የት እንደገባ ሸፈንከኝ!»

ንጉሡ ዞር አለ።

ልጆቹ ሥዕሉ ላይ ተደፉ። ጥጃው «ኩሬው የት ሄደ?» አለ።

«በዚህ ነው የሄደው፣ እርጥቡን አታይም?» አለ ውርንጭላው።

«ኩሬ እግር አለው እንዴ? ፀሐይ ናት የወሰደችው!» አለች አንዲት የቆቅ ጫጩት።

«ፀሐይ ብትሆን መስመሩ ወደ ላይ ይወጣ ነበር!»

«ከዚያስ? እመት ጃርት፣ ከዚያስ? ድንቡሼ ታገኘዋለች?»

እመት ጃርት አፏ ውስጥ የነበረው ቁጣ ሁሉ ጠፋባት። ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ይህችን «ከዚያስ» ነበር። እሾህዋ ቀስ እያለ ተኛ፤ ዓይኗም እንባ አቀረረ። «ቀሪው በየሳምንቱ ገጹ ላይ ይወጣ ነበር» አለች። «ገጹ ግን አሁን የእኔ አይደለም።»

ልጆቹ ሁሉ ዞረው አያ አንበሶ ላይ አፈጠጡ። ደቦሉም ጭምር። አያ አንበሶ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ልጆቹንም አንድ በአንድ ቆጠረ። አርባ ስድስት ሆኑ።

«እስከ መስቀል ነበር ያልኩት» አለ። «መስቀል ነገ ነው። የቸኮልኩት እኔ ነኝ። አያ ጅቦ፣ ገጹን መልስ!»

አያ ጅቦ ከልጆቹ መሃል አንገቱን አስግጎ ሥዕሉን ሲያይ ተገኘ። «እመልሳለሁ፤ ገጹ እንደሆነ ጣዕም የለውም» አለ። «ግን ኩሬውን ማን ጠጣው? እኔ ሳልደርስ?»

አያ አንበሶም እንዲህ ሲል አዘዘ፦ የእመት ጃርት ሥዕል በሚወጣበት ቀን ስልኩ መጀመሪያ ለልጅ ይሰጥ። ማየት የፈለገ ወላጅ ከልጁ ጎን ይቀመጥ፤ የአያ ጅቦንም ቪዲዮ ቢሆን እንዲሁ አብሮ ይይ። ኮሚቴው ይህን ትእዛዝ ለመመርመር ቀጠሮ ሊይዝ አስቦ ነበር፤ ሰብሳቢዋ አፍንጫዋ አብጦ ስላልመጣች ቀረ።

የሚቀጥለው ሳምንት ሥዕል ሲወጣ ጋሽ በሬ ከጥጃው ጎን ተኝቶ ያይ ነበር። ድንቡሼ ቁጥቋጦውን አልፋ መንገድ ጀምራለች። ጋሽ በሬ ብዙ ታገሠ፤ ታገሠና አልቻለም። «ኧረ ይቺ ልጅ እናቷን ሳታስፈቅድ...»

«እሽ!» አለው ጥጃው ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል። «አባዬ፣ እያየሁ ነው።»

ከዚህ የምንማረው፣ ለልጆች ያሰናዳነውን ማዕድ ቀምሰን ቀምሰን ራሳችን ከጨረስነው በኋላ «እነዚህ ልጆች ምነው ደጅ ደጁን ለመዱ?» ብሎ ማማረር እንደማያምርብን ነው።