እመቤታችን ተናካሹን ፈረስ ቦራን ከገደል እንዳዳነችው

የእመቤታችን የማርያም ወዳጆች ሆይ፥ ለአንድ ገበሬና ለፈረሱ ያደረገችውን ስሙ። በአገው ምድር እንየው የሚባል ሰው ነበረ፤ በየማለዳው ስሟን ጠርቶ ሳይሰግድ እህል አይቀምስም፥ በደጇም ሲያልፍ ከፈረሱ ሳይወርድ አያልፍም ነበር። ፈረሱም ቦራ ይባላል፤ እናቱ በወለደችው ቀን ሞታበት እንየው ወተት እያጠጣ በእጁ ያሳደገው ነው።

ቦራም አድጎ ባማረ ጊዜ እንየው የሰው ዓይን እንዳይበላው ፈራና ከደብተራ ስንሻው ክታብ አጽፎ ከጆሮው ሥር በጠፍር አሰረለት። ጥቂት ሰንብቶ ቦራ ጎረቤት ነከሰ። ደብተራውም «ያደረበት ሰይጣን ክታቡን ጠልቶ ነው፤ ሌላ እንጨምርለት፥ ጠበቅ አድርገህ እሰረው» አለ፤ እንየውም ጨመረና አጠበቀ፥ ቦራም የእንየውን አማት ረገጠ፤ ዳግመኛ ጨመረና አጠበቀ፥ ቦራም የቄሱን ጥምጥም ከራሳቸው አንሥቶ ጭቃ ላይ ጣለው።

ሚስቱ ይርገዱም «አንተ ሰው፥ ከደብሩ ይልቅ ፈረሱ ላይ ብዙ ጽሑፍ አለ እኮ!» አለችው።

ከዚያም ሽማግሌዎች «ሰው ሳይገድል ገደል ይጣል» ብለው ፈረዱ። እንየውም እያለቀሰ ቦራን ወደ አፋፉ ወሰደው፥ ፈራጆቹ ግን እርግጫውን ፈርተው በሩቁ ቆሙ።

እንየውም «እመቤቴ ሆይ፥ ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም» ብሎ ጮኸ። ያን ጊዜ ብርሃን የለበሰች ሴት መጥታ በፈረሱ አጠገብ ቆመች፥ በቀስታም አንገቱን ዳሰሰች፥ ቦራም ራሱን ዝቅ አደረገላት። ጣቷንም ከጠፍሩ በታች ባስገባች ጊዜ ጠፍሩ እንደ ተቃጠለ ክር ተበጥሶ ወደቀ፤ ከሥሩም ሥጋውን የበላ ቁስል ታየ።

«ልጄ፥ ሰይጣን አይደለም፤ ቁስሉ አሞት ነው» አለችውና ተሰወረች።

ሽማግሌዎቹም ቀርበው ቁስሉን አዩና አፈሩ፥ ፍርዳቸውንም አነሡ። ደብተራ ስንሻው ግን «አላልኋችሁም? ክታቤ ሠራ!» እያለ አዲስ ጠፍር ይዞ ተጠጋ። ቦራም ጆሮውን ወደ ኋላ አጣጥፎ የደብተራውን መቀመጫ ነከሰ፤ ይህንን ግን ማንም ሰይጣን አላለውም።

እንየውም ቁስሉን እያጠበ አዳነው፥ እመቤታችንንም አመሰገነ። ሕመሙን መናገር ለማይችል የደረሰች እናት፥ መናገር ላቃተን ለእኛም ትድረስልን፤ ይህን ተአምር የሰማችሁትንም ሁሉ ከነቤተ ሰባችሁ፥ በበረት ካሉትም ጋር ትጠብቃችሁ፤ አሜን።