ልጅ ሊያጫውት የመጣው ቀበሮ

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ሁሉ አፍ አውጥተው በሚጨዋወቱበት ዘመን፣ ስሙን እኔም ባልሰማሁት በአንድ አገር፣ በአንድ ትልቅ ቋጥኝ ስንጥቅ ውስጥ አንዲት ሽኮኮ ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖር ነበር። የእናቲቱ ስም ይርገዱ፣ የትልቋ ልጅ ስም አስካለ፣ የትንሹ ደግሞ ድንቡሽ ነው። ድንቡሽ ገና መሮጥ የጀመረ፣ አፉን ያልፈታ ሕፃን ነበር። ከሚያውቃቸው ጥቂት ቃላት አብልጦ የሚወደው «ድገመው» የሚለውን ነው። ለሴትም ለወንድም፣ ለዝናብም ለነፋስም ያው ነው፤ ደስ ካለው «ድገመው» ይላል።

አስካለ ከወርካው ሥር፣ ነጭ ካባ ለባሹ መምህር ጉሬዛ ዘንድ ፊደል ትቆጥር ነበር። ክረምት ገባና ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። መንገዱ ጭቃ፣ ገደሉ ሙልጭልጭ ሆነ። ይርገዱ በበጋ ድንቡሽን አዝላ ነበር ሣር ለመልቀም የምትወጣው፤ በዚያ በሚያንሸራትት ገደል ግን ልጅ ማዘል ሞትን መጥራት ሆነባት።

«አስኩዬ፣ እንግዲህ ትምህርት እስኪከፈት ድረስ ድንቡሽን አንቺ ትይዥልኛለሽ» አለቻት።

«ልጅ መያዝም ሥራ ሆኖ ነው እማዬ? ተጋድሜ እይዘዋለሁ» አለች አስካለ።

ይርገዱ ፈገግ አለች። «ጎሽ የኔ ልጅ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ ከደጃፉ ድንጋይ ወዲያ እንዳያልፍብሽ። በራችን ለእኛ እንጂ ለትልቅ አውሬ አይበቃም። ውስጥ እስካላችሁ ማንም አይነካችሁም» ብላ ወጣች።

እናት ከመውጣቷ ድንቡሽ ነቃ። አስካለ በባዶ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ውስጥ ጠጠር ከትታ አንቃጨለችለት። ሳቀ። «ድገመው» አለ። ደገመችው። «ድገመው» አለ። ክንዷ እስኪዝል አንቃጨለች። ከዚያ ቅርፊቱን ነጥቆ ወረወረና ወደ በሩ ሮጠ።

ጎትታ መለሰችው። ፊቷን በቅጠል ሸፍና ብቅ አለችለት። ሳቀ። «ድገመው» አለ። ደገመችው። ቅጠሉ ተቦጫጭቆ እስኪያልቅ ደጋገመችው። ድንቡሽ የመጨረሻዋን ቁራጭ በላትና ወደ በሩ ሮጠ።

ፈረስ ሆና በጀርባዋ አዘለችው። ከግድግዳ ግድግዳ ጋለበች። «ድገመው፣ ድገመው» አለ። ጉልበቷ ሲከዳት ግን ወርዶ መሬት ላይ ተዘረጋና «ውጪ፣ ውጪ» እያለ ያለቅስ ጀመር። አስካለ አባበለች፣ ዘፈነች፣ ተቆጣች፣ ለመነች። ፀሐይዋን ብታይ ገና ከተራራው ራስ አልወጣችም። ያን ጊዜ እሷም አብራው ማልቀስ አማራት።

ለካ ልቅሶውን ከታች ከቁጥቋጦው ሥር ቀበሮ ሲያዳምጥ ኖሯል። ቀስ ብሎ ወጣና ከደጃፉ ቆመ።

«ምነው የኔ ልጅ፣ ይህ ሕፃን ምን ሆኖ ነው?»

«ቤት መዋል ሰልችቶት ነው አያ ቀበሮ።»

«አይ የልጅ ነገር። እኔ ስንቱን አሳድጌአለሁ መሰለሽ። ወዲህ አቀብይኝና እኔ ላጫውተው፤ አንቺ ትንሽ ጋደም በይ።»

«ጋደም በይ» የሚለው ቃል ለአስካለ ከማር ጣፈጣት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ልቧ ከድቷት ነበር። «ጥቂት ቢይዝልኝስ ምን አለበት» እያለች ቀና ስትል ግን ከቀበሮው ከንፈር ምራቅ ሲንጠባጠብ አየች። ወዲያው ወንድሟን እቅፍ አደረገችው። ይኼኔ ነው ልቅሶው መቆሙን ያስተዋለችው። ድንቡሽ ዓይኑን በቀበሮው ጭራ ላይ ተክሎ ነበር።

አስካለ ትንሽ አሰበችና እንዲህ አለች፦ «እግዜር ይስጥዎ አያ ቀበሮ። ወንድሜ ግን እንግዳ አይለምድም። በግድ ብሰጥዎ ጩኸቱ ጎረቤቱን ሁሉ ይጠራል። እስቲ መጀመሪያ እዚያው ሆነው ያጫውቱት። ከወደደዎ በራሱ እግር ይመጣል።»

ቀበሮ በሆዱ፣ «ለእንዲህ ያለች ጉርሻ ጭራ መቁላት ምን ይከብዳል» አለ። ጭራውን ቆላ። ድንቡሽ ሳቀ። «ድገመው» አለ።

ደገመው። ደግሞ ደገመው። «አሁንስ አይመጣም?» አለ ቀበሮ።

«ትንሽ ቀረው፤ ዝላይ ይወዳል» አለች አስካለ።

ቀበሮ ዝናቡ ከደጃፉ ያቆረውን ኩሬ ዘለለ። «ድገመው።» ዘለለ። «ድገመው።» ጭቃው ላይ ተንከባለለ። «ድገመው።» እንደ አውራ ዶሮ ጮኸ፣ እንደ ፍየል አለቀሰ፣ በሁለት እግሩ ቆሞ እስክስታ ወረደ። ድንቡሽ ሆዱን ይዞ እየሳቀ «ድገመው» ይላል። ቀበሮ ምላሱ ወጥቶ ተንጠለጠለ። ትቶ እንዳይሄድ የደከመበት ነገር አሳዘነው፤ እንዳይቀጥል ትንፋሹ አለቀ። ሆዳም ግን ተስፋ አይቆርጥምና የራሱን ጭራ እያሳደደ መሽከርከር ጀመረ።

አስካለ ከማለዳ ጀምሮ ገና አሁን ጀርባዋን ከግድግዳው አስደገፈች። ማስደገፏን ታውቃለች፤ ዓይኗ መከደኑን አላወቀችም። ስትባንን እቅፏ ባዶ ነው። ድንቡሽ የደጃፉን ድንጋይ አልፎ፣ እየተውተረተረ ወደ ቀበሮው እየሄደ ነበር።

ቀበሮም አየው። ተወርውሮ ሊይዘው ዘለለ። ነገር ግን ሲሽከረከር ቆይቶ አናቱ ዞሮበታልና አንዱ ድንቡሽ ሁለት ሆኖ ታየው። የዘለለው በሌለው ላይ ነው። በሙልጭልጩ ድንጋይ ላይ አረፈ፣ ተንሸራተተ፣ ቁልቁል ተንከባሎ ሳማ ከሞላበት ጉድጓድ ገባ። አስካለ እንዴት እንደወጣች ሳታውቅ ወጥታ፣ ወንድሟን በማጅራቱ ነክሳ አንስታ፣ እንዴት እንደገባች ሳታውቅ ገባች። ከታች ቀበሮ በሳማ ተለብልቦ እየጮኸ ሲሸሽ ይሰማል።

ድንቡሽ ከእህቱ ትከሻ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ «ድገመው» አለ። ቀበሮ ግን አልደገመውም። ከዚያ ወዲያ የሽኮኮ ሕፃን ድምፅ በሰማ ቁጥር አቅጣጫ ይቀይራል ይባላል።

ድንቡሽ ወዲያው እንቅልፍ ጣለው። አስካለ አጠገቡ ቁጭ ብላ፣ ሲተነፍስ ሆዱ ከፍ ዝቅ ሲል እያየች ዋለች። መጋደም አላማራትም።

ወደ ማታ ይርገዱ ሣሯን ተሸክማ፣ ዝናብ አበስብሷት ገባች። አስካለ ሁሉንም ነገረቻት፤ ዓይኗ መከደኑን እንኳ አልደበቀችም። እናት ሸክሟን ጣለችና ሁለቱንም ልጆቿን ደረቷ ውስጥ አስገብታ፣ «ተመስገን፣ ተመስገን» ስትል ቆየች። አልተቆጣችም።

«እማዬ» አለች አስካለ፣ «እኔን ስታሳድጊኝ ማን ይረዳሽ ነበር?»

«ማን ይረዳኛል የኔ ልጅ? አንዳንድ ቀን እንቅልፍሽ ይረዳኝ ነበር። እሱም አጭር ነበር።»

አስካለ ዝቅ ብላ የእናቷን ጉልበት ሳመች። «እግዜር ይስጥልኝ እማዬ» አለች።

«ለምኑ ነው የምታመሰግኚኝ?»

«ለማላስታውሰው ሁሉ።»

ይርገዱ የልጇን ራስ ዳበሰችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እንባዋ ይሁን የዝናቡ ውኃ አልታወቀም። በማግስቱ ጠዋት ድንቡሽ ሲነቃ ቀድማ ያነሳችው አስካለ ናት። እናትየው ደግሞ ከብዙ ዘመን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪበቃት ተኛች።

እኔ የሰማሁትን ይህን ያህል አካፈልኳችሁ፤ እናንተም ለታናናሾቻችሁ አካፍሉ። አባቶች እንዲህ ያሉት ለዚህ ነው፦

ልጅ ይዞ ያልዋለ፣ የእናቱን ውለታ አላስተዋለ።