የድምፅ ካርዱ ሾፌር

አንድ ቀን በአንዲት የቆላ ከተማ ያለች የማኅበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያ ጠዋት ላይ ጭጭ አለች። የአገሩ ሰው የቀብርና የጠፋ ከብት ማስታወቂያ የሚሰማው በእሷ ነው። ሬዲዮኑን በመዳፉ እየመታ፣ ድንጋይ እየቀየረ ቢጠብቅ ትንፍሽ የለም።

የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ አቶ ገዳሙ ይባላሉ። ከማዳበሪያ ማከፋፈያ ተነሥተው በዘመድ ግፊት ወንበሩ ላይ የወጡ፣ ማይክሮፎንን ከእጅ ባትሪ ለመለየት የሚቸገሩ ሰው ናቸው። እንዲያም ሆኖ አላውቅም ማለትን አያውቁም። ድምፅ የሚያሰራጨው ኮምፒውተር ሊኑክስ በሚባል፣ ያለ ክፍያ በሚገኝ ሲስተም የሚሠራ በመሆኑ፣ «በነፃ የተገኘ ነገር ምን ይረባል!» እያሉ ሲያንቋሽሹት ከርመው፣ በዋዜማው አንድ ወዳጃቸው በፍላሽ የሰጣቸውን ፕሮግራም ራሳቸው ጫኑበት።

ቴክኒሻኑ ቢተው ገብቶ ሲያየው ነገሩ ወዲያው ገባው። የድምፅ ካርዱ ምንም አልሆነም፤ ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ድራይቨር የሚሉት፣ የማይሆነው ነው የተጫነበት።

«ጋሼ፣ ይቺን ትናንት የገባችውን ላውጣትና…»

«ዝም በል! ካርዱን ያቃጠልከው አንተ ነህ!»

እኩለ ቀን ሳይሆን የቦርዱ ሰብሳቢ ወይዘሮ የሺመቤት፣ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፣ ተቆጥተው መጡ። ሠራተኛው ሁሉ ተሰበሰበ።

«ጥፋተኛው ይኸውልዎ» አሉ አቶ ገዳሙ ወደ ቢተው እየጠቆሙ። «ካርዱን አቃጥሎታል። የስንብት ደብዳቤውን ጽፌ ጨርሻለሁ።»

«አቃጥለኸዋል ልጄ?»

«አልተቃጠለም እትዬ። ችግሩ ድራይቨሩ ነው።»

«ድራይቨር? ሾፌር ማለት?»

አቶ ገዳሙ ሳቁ። «ይኸው ነው እንግዲህ፣ ሰው የማይገባውን እየደረደረ ሊያመልጥ! እስቲ በአማርኛ አስረዳቸው፤ እኛም እንሳቅ!»

ቢተው በአቶ ገዳሙ እጅ ያለውን ደብዳቤ አየው፤ ከዚያ ረጋ ብሎ ጀመረ።

«እሺ፣ ሾፌር እንበለው። ካርዱ ጤነኛ ነው። ሾፌሩ ግን ለሌላ ሥራ የተሠራ ነው፤ ይሄን ቤት አያውቀውም። ሰው አምጥቶ አስቀመጠው። አሁን ራሱ አይሠራ፣ ለሚያውቀው ቦታ አይለቅ። እሱ ከተቀመጠ ወዲህ ከዚህ ቤት ድምፅ ወጥቶ አያውቅም።»

ጋዜጠኞቹ ጣራ ጣራ ያዩ ጀመር። አንዷ በነጠላዋ አፏን ያዘች። አቶ ገዳሙ ብቻ ነገሩ አልገባቸውም።

«ወሬውን ተወውና መፍትሔውን ተናገር!» ብለው ጠረጴዛውን ደበደቡት።

«ማንሳት ነዋ ጋሼ! ነገ በሌላ በር እንዳይመለስም ስሙን ጥቁር መዝገብ ላይ ማስፈር።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ወይዘሮ የሺመቤት መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠራረጉና፣

«በል ልጄ፣ የኮምፒውተሩን አንተ አሁኑኑ አንሣው» አሉት። «ወንበር ላይ የተቀመጠውን ደግሞ ቦርዱ ያነሣዋል።»