የማስተዋል ሽሮፕና የእማማ ሳጥን

ተረት ልጀምር ነው፤ የሚሰማኝ ይቀመጥ፣ የሚቸኩል ይሂድ፣ ያጎደልኩት ካለ የሚያውቅ ይሙላልኝ።

በአንዲት የጎጃም ከተማ ማስተዋል የምትባል የሁለት ዓመት ከአምስት ወር ልጅ ነበረች። የፈለገችው አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ ሳያማት ካካ ማለት። ከማክሰኞ ጠዋት ጀምሮ ሆዷ ደርቋል። አሁን ዓርብ ነው። ፖፖዋ ላይ ትቀመጣለች፣ ታምጣለች፣ ፊቷ ይቀላል፣ ታለቅሳለች፣ እንዲሁ ትነሳለች።

እናቷ ውድነሽ ፓፓያ አበላቻት፤ አልሆነም። ተልባ በጥብጣ አጠጣቻት፤ አልሆነም። በሞቀ ውኃ አጥባ ሆዷን አሸችላት፤ አልሆነም።

ሆድ አልለቅ አለ፣ ማስተዋልም ታቃስታለች።

ጎረቤታቸው እትዬ ይታይሽ በነጠላቸው ሥር አንድ ጠርሙስ ይዘው መጡ። ባለፈው ዓመት ባላቸው ጋሽ መኩሪያ ቀዶ ጥገና ተደርገው ሆዳቸው ሲደርቅ የታዘዘላቸው ሽሮፕ ነው።

“አንድ የሾርባ ማንኪያ አጠጧትና ከመንገዷ ዞር በሉ” አሉ እትዬ ይታይሽ። “የኔውን ሽማግሌ በአንድ ቀን ነው ያስሮጠው!”

የልጅቱ አባት አንሙት ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አዙሮ አነበበ። ለአዋቂ ሠላሳ ሚሊ ሊትር፣ በቀን ሁለት ጊዜ ይላል። ስለ ልጅ የተጻፈው መስመር ሽሮፕ ፈሶበት ጠፍቷል። በቤቱ ያሉትን ማንኪያዎች አውጥቶ ደረደረ። አራት ናቸው፤ አራቱም አንዱ ካንዱ አይተካከሉም።

“እትዬ፣ ጋሽ መኩሪያ ስንት ኪሎ ናቸው?”

“እኔ ምን አውቄ፣ አዝዬው አላውቅ!”

“የእሳቸው ልክ ለእሷ አይሆንም ብዬ ነው።”

“እሱን ያዳነ እሷን ይገድላል?”

ላይገድላትም ይችላል። አንሙት የሚያውቀው ይህን ብቻ ነው፤ ካነሰ ሕመሟ ይቀጥላል፣ ከበዛ ተቅማጡ ከዚያች ትንሽ ገላ ውኃውን ሁሉ ይጠርገዋል። በሁለቱ መካከል ያለውን ቁጥር አያውቅም። ጠርሙሱን ከድኖ አስቀመጠው።

“አንተ ደግሞ!” አለች ውድነሽ። “አንተ ስታሰላ ልጄ ልትፈነዳ ነው።”

“ውዴ፣ አንዴ ከዋጠችው መመለሻ የለውም። ልኩን ካላወቅሁ አልቀዳም።”

አባት አልቀዳ አለ፣ ሆድ አልለቅ አለ፣ ማስተዋልም ታቃስታለች።

አንሙት ጠርሙሱን ይዞ ገበያው ዳር ወዳለው መድኃኒት ቤት ሄደ። ፋርማሲስቷ ብርቱካን ነገሩን እስኪጨርስ አላቋረጠችውም። ከዚያ ጠየቀችው። ታስታውካለች? አታስታውክም። ትኩሳት አላት? የላትም። ሆዷ ተነፍቷል? ደም አይታችኋል? አይ፣ አላየንም።

“ከእነዚህ አንዱ ቢኖር ወደ ሐኪም ነበር የምሰድህ፤ እዚህ አንድ ደቂቃ አላቆምህም ነበር” አለች። “መድኃኒቱ ለልጅም ይሆናል። ይኼኛው ግን ከተከፈተ ዓመት አልፎታል፤ ተወው፣ አዲስ እሰጥሃለሁ። ኪሎዋ ስንት ነው?”

“አሥር ይሆናል። ወይም አሥራ ሦስት። የጓደኛዬ ልጅ በዕድሜ እኩያዋ ናት፣ እሷ አሥራ አራት ነው አሉ።”

“የጓደኛህን ልጅ አላክምም፣ ወንድሜ።”

“ገምቺልኝ እንጂ።”

“ለመገመት ከሆነ እኔ ጋ ለምን መጣህ? መገመቱን እዚያው ሰፈራችሁ ትጨርሱት ነበር። መዝነህ ና። ኪሎዋን ካልሰማሁ ልክ አልናገርም።”

ፋርማሲስቷ አልናገር አለች፣ አባት አልቀዳ አለ፣ ሆድ አልለቅ አለ፣ ማስተዋልም ታቃስታለች።

አንሙት የድሮውን ጠርሙስ ቤት መልሶ አስቀመጠ፤ ማስተዋልን በጋቢ ጠቅልለው ወደ ጤና ኬላው ወሰዷት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሙሉዓለም በር ላይ ተቀበለቻቸው። የሕፃናት ሚዛኑ ከጣሪያው ማገር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ክብ ነው፣ ከሥሩ መንጠቆ አለው። ሕፃናቱ ገብተውበት የሚሰቀሉበት የጨርቅ ሱሪ ግን በክትባት ዘመቻው ቀን ተቀዶ ተጥሏል።

“የመቆሚያው ሚዛንስ?” አለ አንሙት። “እኔ አቅፌያት ልቁም፣ ከዚያ ብቻዬን ልቁም፣ እንቀንሳለን።”

“አስበህበታል። ግን እሱ ሰውን ሁሉ ስልሳ ሦስት ኪሎ ነው የሚለው። ትናንት ማንም ሳይቆምበት ስልሳ ሦስት ብሏል።”

“የእህል ነጋዴው ሚዛንስ?”

“አንድ ኪሎ ወዲህ፣ አንድ ኪሎ ወዲያ ይላል። ለጤፍ ምንም አይደለም።”

“በነጠላ አስረን እናንጠልጥላታ!” አለች ውድነሽ።

ሙሉዓለም ራሷን ነቀነቀች። “ባለፈው ወር አንዱን ሕፃን በነጠላ ሰቅዬው ሾለከ። በእጄ ነው የቀለብኩት። ጠፍር ያለው የቆዳ አንቀልባ አምጡልኝና አሁኑኑ እመዝናታለሁ።”

ሚዛኑ አንቀልባ ካልመጣ አልመዝን አለ፣ ፋርማሲስቷ አልናገር አለች፣ አባት አልቀዳ አለ፣ ሆድ አልለቅ አለ፣ ማስተዋልም ታቃስታለች።

የቆዳ አንቀልባ ፍለጋ ሰባት ቤት አንኳኩ። ዛሬ ልጅ የሚታዘለው በፎጣ ነው፤ በቆዳ የሚያዝል አልተገኘም። ከሰባተኛው ቤት ሲወጡ ውድነሽ ቆም አለች።

“በእናትህ ሳጥን ውስጥ አንድ አለ” አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። “በሠርጋችን ሰሞን ሲያናፍሱት አይቻለሁ። ዛጎል ያለበት ነው። ስጠጋ ጠቅልለው ከተቱት።”

አንሙት ይህን ሰምቶ አያውቅም። እሱ ራሱ ያደገው በነጠላ ታዝሎ ነው። የእናቱ ሳጥን ደግሞ ተቆልፎ ነው የሚኖረው፤ ቁልፉም በአንገታቸው ላይ ካለው ማተብ ጋር ታስሯል።

ሳጥኑ አልከፈት አለ፣ አንቀልባው አልወጣ አለ፣ ሚዛኑ አልመዝን አለ፣ ፋርማሲስቷ አልናገር አለች፣ አባት አልቀዳ አለ፣ ሆድ አልለቅ አለ፣ ማስተዋልም ታቃስታለች።

የአንሙት እናት እማማ ውባየሁ በዚያው ግቢ፣ በጓሮ በኩል ባለች ክፍል ይኖራሉ። ከሳጥኑ አጠገብ መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር።

“እማዬ፣ ያን አንቀልባ ስጪኝ” አለ አንሙት። “ማስተዋል መድኃኒት ልትወስድ ነው።”

እማማ ውባየሁ ቁልፉን በመዳፋቸው ጨበጡት።

“ምን መድኃኒት?”

“ሆድ የሚያለሰልስ። ሽሮፕ ነው።”

“አልሰጥም።”

“እማዬ፣ ልጅቷ እኮ...”

“አልሰጥም አልኩህ! ሆድ የሚያስኬድ መድኃኒት በልጅ አፍ አይገባም፤ እኔ ቁሜ አይገባም። ያ ጠርሙስ ከዚህ ግቢ ይውጣ። እስኪወጣ ይህን ቁልፍ ከአንገቴ የሚያወልቀው ስሞት የሚገንዘኝ ገናዥ ብቻ ነው።”

እማማ ቁልፉን አላወልቅ አሉ፣ ሳጥኑ አልከፈት አለ፣ አንቀልባው አልወጣ አለ፣ ሚዛኑ አልመዝን አለ፣ ፋርማሲስቷ አልናገር አለች፣ አባት አልቀዳ አለ፣ ሆድ አልለቅ አለ። ማስተዋል አሁን ማቃሰቱንም ትታለች፤ በእናቷ ትከሻ ላይ ራሷን ጥላ ዝም ብላለች።

“ስበረው” አለች ውድነሽ በር ላይ ቆማ። “ሳጥን ነው፣ ታቦት አይደለም። ወይ ስበረው፣ ወይ እኔ ቤት ገብቼ ያንኑ የድሮውን ሽሮፕ በሾርባ ማንኪያ አጠጣታለሁ። እምልልሃለሁ፣ አጠጣታለሁ!”

አንሙት መዶሻው የት እንዳለ ያውቃል። ሄዶ አመጣው። በሳጥኑ ፊት ቆሞ ግን እጁ አልነሳ አለው። እናቱ ይህን ያህል የፈሩት ነገር ምንድን ነው? አልጠየቀም። እሱስ አንቀልባው ለምን እንደሚፈለግ ነግሯቸዋል? አልነገረም። መዶሻውን አስቀምጦ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠና ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ ምንም ሳይዘል ነገራቸው።

“እማዬ፣ ሆዷ ደርቋል። ሽሮፕ ተገኘ፣ ልኩን ስላላወቅሁ አልቀዳሁም። ልክ ብጠይቅ ፋርማሲስቷ ኪሎዋን ካልሰማሁ አልናገርም አለች። ኪሎዋን ላውቅ ብሄድ ሚዛኑ ያለ አንቀልባ አይመዝንም። አንቀልባው ያለው ባንቺ ሳጥን ነው። ሳጥኑ ያለ ቁልፉ አይከፈትም። ቁልፉ ደግሞ ባንቺ አንገት ነው።”

“ቆይ” አሉ እማማ ውባየሁ። “መልሰህ በል። አንቀልባው ለምንድን ነው?”

“ሊመዝኗት።”

“የምትመዘነውስ?”

“ስንት እንደምትወስድ ለማወቅ። ያለ ልክ ላለመስጠት።”

እማማ ውባየሁ የጨበጡትን ቁልፍ ለቀቁት።

“በእኛ ጊዜ” አሉ ኋላ፣ “ኮሶ የሚጠጣው ቤተሰቡ ሁሉ ባንድ ቀን ነበር። በሁለት ወር አንዴ፣ ጠዋት፣ በባዶ ሆድ። አባትህ ይጠጣል፣ እኔ እጠጣለሁ፣ ታላላቆችህ ይጠጣሉ። ሽባባው አራት ዓመቱ ነበር።”

“ሽባባው ማነው?”

“ወንድምህ ነው። ካንተ በፊት። ‘እኔም እንደ ወንዶቹ ልጠጣ’ አለኝ። ጀግና ነው ብለን ሳቅን። በዚያው በአባትህ ዋንጫ፣ በዚያው ልክ ሰጠሁት። ቤቱ ሙሉ ሰው ነበር፣ አማቴ ነበረች፣ ጎረቤት ነበር። ስንት ነው የሚጠጣው ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም። ማታውን አላየም። እሱን አዝዬ ያሳደግሁት በዚህ ሳጥን ባለው አንቀልባ ነው።”

አንሙት ከደፉ ተነስቶ አጠገባቸው መደቡ ላይ ተቀመጠ።

“አንተ ጠይቀሃል” አሉ እማማ ውባየሁ፣ እጃቸውን ወደ አንገታቸው እየሰደዱ። “ስንት ብለህ ጠይቀሃል። በል እርዳኝ፣ ቋጠሮው ጠብቋል።”

እማማ ቁልፉን አወለቁ፣ ቁልፉ ሳጥኑን ከፈተ፣ ሳጥኑ አንቀልባውን ሰጠ። አንቀልባው በመንጠቆው ተሰቀለ፤ ሙሉዓለም ጠፍሩን ሦስት ጊዜ ሳበችው፣ እማማ ውባየሁ ከሥር ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። ሚዛኑ መዘነ፤ የአንቀልባው ክብደት ሲቀነስ አሥር ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም። ፋርማሲስቷ ልኩን ተናገረች፤ ጠዋት አምስት ሚሊ ሊትር፣ ማታ አምስት ሚሊ ሊትር። የአዋቂው ሠላሳ የዚህ ስድስት እጥፍ ነው።

“አንዴ እንደገና አስይው” አለ አንሙት። አሰላችው፤ አምስት ነው። “ይቅርታ፣ አንዴ ደግሞ።” ብርቱካን ሳትቆጣ ለሦስተኛ ጊዜ አሰላችው። አዲሱን ሽሮፕና መርፌ የሌለው ስሪንጅ ሰጠችውና አምስት ላይ በብዕር አሰመረችበት።

“በማንኪያ እንዳትሰጧት፤ በዚህ ነው። ውኃ አብዝታ ትጠጣ። ደግሞ ስማኝ፣ ዋናው ይኼ ነው። እስከ ሁለት ቀን ሊቆይ ይችላል። አልሠራም ብላችሁ እንዳትጨምሩ። ካስታወከች ወይ ሆዷ ከተነፋ ግን አትጠብቁ፣ ወደ ሐኪም ሩጡ።”

አባት ቀዳ። ማስተዋል ጣፍጧት ስሪንጁን ላሰችው። ሆድ ግን አልለቀቀም።

ዓርብ ማታ አልለቀቀም። ቅዳሜ ጠዋት አልለቀቀም። ቅዳሜ ከሰዓት እትዬ ይታይሽ ብቅ አሉ።

“ምነው፣ የሚጥሚጣ መጨለፊያ በምታህል ነገር! የወፍ ልክ እኮ ነው የሰጣችኋት። ጨምሩላት እንጂ!”

አንሙት ጠርሙሱን አየ። ቁጥሩን ሦስት ጊዜ ያሰላችው ሴት ተሳስታ ቢሆንስ? ሚዛኑስ ልክ ባይሆን? ውድነሽም ጠርሙሱን አየች። ቀድመው ያነሱት ግን እማማ ውባየሁ ናቸው። ጭናቸው ላይ አድርገው በሁለት እጃቸው ያዙት።

“አምስት ተብሏል” አሉ። “አምስት ነው።”

“እማማ፣ እኔ እኮ ለልጅቷ አዝኜ...”

“አውቃለሁ፣ ይታይሽ። እኛም አዝነን ነበር።”

እትዬ ይታይሽ ከልጅቷ አጠገብ ተቀመጡ። ውኃ በትንሽ በትንሹ ሲያጎነጯት ዋሉ።

እሑድ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ እትዬ ይታይሽም ሊጠይቋት መጥተው ሳለ፣ ማስተዋል “ካካ” አለች። አራቱም ተነሱ። ፖፖዋ ላይ ተቀመጠች። አማጠች። ፊቷ ቀላ። ውድነሽ እጇን ያዘቻት፣ አንሙት ትንፋሹን ያዘ።

እማማ ቁልፉን አውልቀው ነበርና፣ ቁልፉ ሳጥኑን ከፍቶ ነበርና፣ ሳጥኑ አንቀልባውን ሰጥቶ ነበርና፣ አንቀልባው ከሚዛኑ ተሰቅሎ ነበርና፣ ሚዛኑ መዝኖ ነበርና፣ ፋርማሲስቷ ተናግራ ነበርና፣ አባትም በልኩ ቀድቶ ነበርና፣ ሆድ ለቀቀ።

ማስተዋል ዞር ብላ ወደ ፖፖው ውስጥ አየች። አላለቀሰችም። ቀና ብላ አራቱን ትልልቅ ሰዎች አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ሁሉም ያለቅሳሉ።

“አበቃ” አለቻቸው።

ተረቴም አበቃ፤ የሰማ ይለካ፣ ያላወቀ ይጠይቅ።